አያቴ፣ ድጓ እና ባትሱጉን

የዛሬው ጽሑፍ ስለ አንድ የቪዲዮ ጌም ነው። ስለ ጌም ሱስ አይደለም፤ በዚያ ላይ ብዙ ወንድሞች ጽፈዋል፣ ወላጆችም ሳይሰለቻቸው አይቀርም። ስለ አንድ ጌም ብቻ ነው። ስሙ ባትሱጉን ይባላል። በ1993 ጃፓን ውስጥ ወጣ፣ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ዘመኑ አለፈ። (የጌሙን ነገር ስናወራ ዓመቱን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፤ ጋይንት ስንደርስ ወደ ራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ።) «ይሄ ለነፍሳችን ምን ይጠቅማል?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

ጌሙን ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ኪቦርድ ይጫወታል። በአጥቢያችን የወጣቶች ኳየር ውስጥ ሦስት ዓመት አገልግሏል። ባለፈው ዓመት ኳየሩ ተበተነ። ጠብ አልነበረም፣ የተገለጠ ነውር አልነበረም፤ እንዲሁ ተበተነ። ሁለቱ ሥራ አግኝተው አዳማ ገቡ። አንዷ አግብታ ሐዋሳ ሄደች። ሁለት ወንድማማቾች ከአገር ወጡ። የሚያሠለጥናቸው ወንድም ታሞ ተኛ። አሥራ ሁለት የነበሩት አራት ቀሩ፤ አራቱም አንድ እሑድ ሳይቆሙ ቀሩ፣ በሚቀጥለውም እንደዚያው። ያዘጋጇቸው ሰባት አዳዲስ መዝሙሮች አንዱም ሳይቀረጽ ቀረ።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱን ከነሽፋኑ አልጋው ሥር ከተተው፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስም እዚያው ነው። እሑድ ይመጣል፣ ኋላ ይቀመጣል፣ ከቡራኬው በፊት ይወጣል። እህቴ «የሠራነውን ሁሉ ውኃ በላው ይለኛል፤ አንተ ብታናግረው ይሰማሃል» አለችኝ። ሄድኩ።

ስገባ ላፕቶፑን በጎኑ አቁሞት አገኘሁት። ግራ ገብቶኝ ሳየው፣ የጥንቱ ማሽን ስክሪን ቁመቱ ከስፋቱ ይበልጥ ስለነበረ ጌሙን በልኩ ለማየት ኮምፒውተሩን ማጋደል ያስፈልጋል አለኝ። «ጋሼ፣ ተቀመጥና እይ፤ ይሄን የሠሩት ሰዎች የት እንደደረሱ እነግርሃለሁ።»

ጨዋታው ለማስረዳት ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከስክሪኑ ግርጌ አለች፣ ምድሩ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ጠላት ከላይ ይመጣል፣ አንተ ትተኩሳለህ፣ ታመልጣለህ። ዓይነቱ በ1993 አዲስ አልነበረም። ስፔስ ኢንቬደርስ በ1978፣ ዜቪየስ በ1982 ወጥተው የጃፓንን ጌም ቤቶች ሞልተው ነበር። ባትሱጉንን የሠራው ቶአፕላን የሚባለው የቶኪዮ ኩባንያም በዚህ ዓይነት ጨዋታ ሲኖር የቆየ ነው። ታይገር ሄሊን በ1985፣ ትራክስተንን በ1988 አውጥቷል። በ1989 ያወጣው ዜሮ ዊንግ ደግሞ ኋላ በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ ግን የታወቀው በጨዋታነቱ አይደለም። ለቤት መጫወቻ ሲዘጋጅ መግቢያው ላይ ያለው ንግግር ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመበት መንገድ እጅግ የሚያስቅ ስለነበር ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ሰዉ ሁሉ መቀለጃ አደረገው። እነዚያ ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ የደከሙበትን ትቶ ዓለም የያዘላቸው አንድ የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ሲነግረኝ ልጁ ሳቀ፣ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ባትሱጉን ከቀደሙት የተለየው ምኑ ላይ ነው? አንደኛ፣ ጠላት ባጠፋህ ቁጥር የአውሮፕላንህ መሣሪያ በልምድ እያደገ ይሄዳል። ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ የጠላት ጥይት ነው። በድሮዎቹ ጨዋታዎች ጥይቱ ጥቂትና ፈጣን ነበር፤ የሚያድንህ የእጅህ ፍጥነት ነው። እዚህ ግን ስክሪኑ በጥይት ይሞላል፣ ጥይቱም ቀስ ብሎ፣ እንደ አበባ ወይም እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይመጣል። መጀመሪያ ሳየው ማምለጫ ያለው አልመሰለኝም። «ጥይቱን አትይ፣» አለኝ ልጁ፤ «በጥይቱ መካከል ያለውን ክፍተት እይ።» ጥቂት ቆይቼ ማየት ጀመርኩ። አንዲት አውሮፕላን የማታልፍበት የሚመስል ቦታ አለ፤ አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ስትል ታልፋለች። ዛሬ በእንግሊዝኛው አጠራር የጥይት ሲኦል የሚባለው የጌም ዓይነት የተጀመረው ከዚህ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ አያከራክርም።

በጊዜው ግን ማን አየው? በ1991 ስትሪት ፋይተር ሁለት ወጥቶ የጌም ቤቶቹን ገበያ ገለበጠው። ነገሩ የሳንቲም ሒሳብ ነው። የአውሮፕላን ጨዋታ የሚችል ሰው አንድ የመቶ የን ሳንቲም አስገብቶ ግማሽ ሰዓት ሊቀመጥበት ይችላል። ትግል ግን ሁለት ሰው ፊት ለፊት ያገናኛል፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ አንዱ ይሸነፋል፣ የተሸነፈው ተናዶ እንደገና ሳንቲም ይከታል። የጌም ቤቱ ባለቤት ማንን ይመርጣል? ባትሱጉን የመጣው ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ከዞሩ በኋላ ነው። በ1994 ቶአፕላን ከሰረ፣ ተዘጋ። ሠራተኞቹ የተሻሻለ አንድ ሌላ ዓይነት አዘጋጅተው ነበር፤ የአውሮፕላኗ የምትመታበት ቦታ ጠብቦ፣ ጨዋታው ይበልጥ በክፍተት የሚኬድበት ሆኖ። ያ ሥራ ለሕዝብ በደንብ የደረሰው በ1996 ለሴጋ ሳተርን በወጣው ዲስክ ውስጥ ተጨምሮ ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ ሁለት ዓመት አልፎት።

ልጁ እስከዚህ ድረስ በቀዘቀዘ ድምፅ ነበር የሚያወራው። ከዚህ በኋላ ያለውን ሲነግረኝ ግን ተነሥቶ ቆመ። ከተበተኑት አንዳንዶቹ ኬቭ በሚባል በዚያው ዓመት በተቋቋመ ኩባንያ ውስጥ ገቡ። ባትሱጉን ላይ የሠራው ፕሮግራመር ጹነኪ ኢኬዳ እዚያ ዶንፓቺን በ1995፣ ዶዶንፓቺን በ1997 ሠራ፤ የጥይት ሲኦልን በዓለም ያስተዋወቁት እነዚህ ናቸው። ሌሎቹ ታኩሚን አቋቋሙ፣ ጊጋ ዊንግ የሚባለው ጨዋታ በ1999 ከእነሱ ወጣ። ሌሎቹ ደግሞ ጋዜልን። ራይዚንግ የሚባል ኩባንያም የቶአፕላንን የማሽን ሰሌዳ ይዞ ባትል ጋሬጋን በ1996 አወጣ። ዛሬ በዚህ ዓይነት ጌም ላይ የሚሠራ ወጣት፣ ጃፓን ይሁን ብራዚል ይሁን ስዊድን፣ ሳያውቀውም ቢሆን ከእነዚያ የከሰሩ ሰዎች የተማረ ነው።

እኔ ምክሬን ረሳሁት። በልቤ የመጣው ጋይንት ነው።

ባትሱጉን ሲወጣ እኔ በጋይንት ከብት እጠብቅ ነበር፤ 1985 ዓ.ም. አካባቢ ማለት ነው። ጨዋታ ማለት ለእኔ ገበጣ ነበር፣ በታኅሣሥ ደግሞ ገና። ያደግሁት የኔታ በሚባሉት አያቴ ቤት ነው። ስማቸውን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ሚስታቸው እንኳ የኔታ ይሏቸው ነበር። የድጓ መምህር ነበሩ፣ ቤተ ልሔም ገብተው የተመሰከረላቸው።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ በወንጌላውያን ቤት ያደጋችሁ ስለሆናችሁ ቤተ ልሔም ስል የዳዊትን ከተማ ታስባላችሁ። የእኛዋ ቤተ ልሔም በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ያለች ደብር ናት፤ የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓ በስድስተኛው መቶ ዘመን በነበረው በቅዱስ ያሬድ ስም የሚታወቀው የዓመቱ በዓላት ሁሉ የዜማ መጽሐፍ ነው። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ለብዙ መቶ ዓመታት ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ሲተላለፍ ኖረ፤ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከቃሉ በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች አዘጋጁ ይባላል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያለ የሚሄደውን። ምልክቱ ግን ያስታውሳል እንጂ አያስተምርም። ሰው ያስፈልጋል። ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት የሚባሉ ሌሎች ስልቶች አሉ፤ በሰፊው የተዘረጋው ግን የቤተ ልሔም ነው። ሌላ ቦታ ዓመታት የተማረ ሰው የድጓ መምህር ለመባል እዚያ ሄዶ መምህሩ ፊት ያቀናል፣ ይታረማል፣ ይመሰከርለታል።

አያቴ ለዚያ የከፈሉትን ዋጋ ሲናገሩ አላጋነኑም። ቁራሽ እየለመኑ፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ፣ በአንድ ሰው ቁመት ጎጆ ውስጥ እየተኙ ተማሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የራሳቸውን ድጓ በእጃቸው ጻፉ። መጽሐፉ ከእኔ ክብደት ጋር የሚቀራረብበት ዘመን ነበር። ስማቸው በዚያ መጽሐፍ ላይ የትም ቦታ የለም። ለምን እንዳልጻፉት አንድ ቀን ስጠይቃቸው «የእኔ ነው እንዴ?» አሉኝ። የሚገርመው፣ በዚያ በቪዲዮ ጌሙ ዘመን ብዙ የጃፓን ኩባንያዎችም የሠራተኞቻቸውን እውነተኛ ስም በሥራው ላይ እንዲወጣ አይፈቅዱም ነበር፤ የእነሱ ምክንያት ግን ትሕትና ሳይሆን ሌላ ኩባንያ እንዳይወስድባቸው መፍራት ነው።

ስለ ደብሩ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁልጊዜ ደስ ስለሚለኝ። ቶማስ ፓከናም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ በ1955 ጋይንት መጣ፤ በኋላም በ1959 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። ከሩቅ ያየው እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ ሣር የለበሰ ቤት ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ በክቡ ጣራ ሥር ማዕዘን ያለው፣ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራ፣ የመካከለኛው ዘመን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። የውጭ መጻሕፍት እሱ «አገኘው» ይላሉ። የአገሬው ሰው ግን ጠፍቶበት አያውቅም፤ ጠዋት ማታ እዚያው ይሳለም ነበር። ያልታወቀው ላላወቀው ነው።

የእኔና የአያቴ የእምነት መንገድ ኋላ ተለያየ። ይህን የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ወደዚያ ክርክር መግባት አልፈልግም፣ እሳቸውም በሕይወት እያሉ ከእኔ ጋር አልተከራከሩበትም። በቤታችን ድጓውን የቀጠለ ሰው የለም። አባቴ ገበሬ ሆነ፣ እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ። የበለጠ የጎዳቸው ግን የእኛ መቅረት አይመስለኝም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ተማሪዎቻቸው ተበተኑ። የሚለመንበት ቤት ራሱ የሚበላው ሲያጣ ተማሪ ከየት ይበላል? አንድ ቀን ጠዋት ጎጆዎቹ ባዶ ሆነው አገኟቸው። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ከሁለት ሦስት ተማሪ በላይ አልነበራቸውም። ማታ ማታ ለብቻቸው ሲያዜሙ ትዝ ይለኛል። ሕፃን ስለነበርኩ ለእንቅልፍ የሚረዳ ድምፅ ነበር የሚመስለኝ፤ ዛሬ ሳስበው እንዳይረሱት ይሆናል።

የሮሜን መልእክት አሥራ ስድስተኛ ምዕራፍ ብዙዎቻችን ዘለን እናልፋለን፣ ስም ብቻ ስለሚበዛበት። በዚያ ሁሉ ስም መካከል ጤርጥዮስ የሚባል ሰው ድንገት በራሱ አንደበት ሰላምታ ያቀርባል። ደብዳቤውን በእጁ የጻፈው እሱ ነው፤ ጳውሎስ ይናገራል፣ እሱ ይጽፋል። ከዚያ በቀር በመጽሐፍ ቅዱስ ስሙ ዳግመኛ አይነሣም። ስለ ጽድቅ፣ ስለ ጸጋ፣ ከፍቅሩ ማንም ሊለየን ስለማይችል ስለዚያ ፍቅር የምናነበው ሁሉ መጀመሪያ በእሱ ብዕር ያለፈ ነው። ያ ደብዳቤ የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ምሽት ሆኖበት፣ እጁን አሟት፣ ዘይቱ እያለቀ ይመስለኛል የጻፈው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት፤ ከጋይንት ጀምሬ እስከ ጤርጥዮስ። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ የተናገረውን እንዳለ ላስቀምጥላችሁ፣ ምክንያቱም ቀላል አይደለም።

«ጋሼ፣ ቶአፕላን ሠርቶ ነው የፈረሰው። ጌሙ አለ፤ ይኸው እየተጫወትኩት ነው። የኔታም ድጓው አለ። እኛ ምን ሠራን? ሰባት መዝሙር ነው፣ እሱም አልተቀረጸም። የት አለ ሊባል ነው?»

እውነቱን ነው። ከተበተነ ሁሉ ፍሬ አይወጣም። ከቶአፕላን ከወጡት መካከል ጋዜል ራሱ ብዙ ሳይቆይ ጠፍቷል። ስማቸው የማይነሣ፣ ከዚያ በኋላ ጌም ጨርሶ ያልሠሩም ይኖራሉ። የሚበተን ዘር ሁሉ መልካም መሬት ላይ እንደማይወድቅ ጌታ ራሱ ሳይሸፍን ተናግሯል። ልጁን «አይዞህ፣ ሁሉም መልካም ይሆናል» ብለው ያታለልኩት ይመስለው ነበር፣ ዕውቀቱም አለው። ስለዚህ መልስ አልሰጠሁትም። አንድ ያየሁትን ብቻ ነገርኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ጋይንት ስሄድ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ መኪና እየጠበቅሁ ነበር። ነጠላ ያጣፉ፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ስድሳውን ያለፉ አባት ከጎኔ ተቀምጠው «ልጄ፣ የት ነህ?» አሉኝ። አገሬን ነገርኳቸው። የሰፈሬን ስም ጠየቁኝ፣ እሱንም ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «የኔታን ታውቃቸዋለህ?» አሉ። የልጅ ልጃቸው ነኝ ስላቸው እጄን ያዙ፣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

በሰባ ሰባት ሌሊት ከወጡት ተማሪዎች አንዱ ናቸው። ሳይሰናበቱ የሄዱት የኔታ የራሳቸውን ቁራሽ እየከፈሉ ስለሚያበሏቸው ነው፤ «ብንቆይ ከእኛ በፊት የሚሞቱት እሳቸው ነበሩ» አሉኝ። ወደ በጌምድር ቆላ ወርደው በሰው ማሳ የቀን ሥራ ሠሩ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ፣ ቤተ ልሔም ገብተው ተመሰከረላቸው። አብረዋቸው ከወጡት አምስት መካከል ሁለቱ በመንገድ ሞተዋል። አንዱ ወታደር ሆኖ ቀርቷል። አንዱ ጎጃም ያስተምራል። የአንዱን ወሬ አያውቁም። እሳቸው ከደብረ ታቦር ወዲያ ባለች አንዲት ደብር ናቸው፤ አሥራ አራት ተማሪ አላቸው።

እኔ የወንጌላውያን አማኝ መሆኔን ነገርኳቸው፣ ደብቄ መለየት ስላልፈለግሁ። ትንሽ አዩኝ፤ «የኔታ ያውቁ ነበር?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም።

የእኔ መኪና ረዳት መጣራት ጀመረ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ የዜማ ሐረግ በቀስታ፣ ለራሳቸው ያህል አዜሙ። ሕፃን ሆኜ የምተኛበት ድምፅ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ድምፁን ትንሽ ሳብ አደረጉና ቆሙ።

«ምልክቱ ላይ ይሄ የለም፤» አሉኝ፤ «እዚህ ጋ የሚጎትቱት የኔታ ናቸው። ልጆቹም ሁሉ እንዲሁ ይጎትቱታል።»